ከሊት ወደብ እስከ አራተኛ ፎቅ

ይህን የምጽፈው ለመፎከር ነው። አስቀድሜ ልናገር፣ ትሕትና የሚፈልግ አንባቢ ሌላ ሽማግሌ ይፈልግ። እኔ ሰባ ልደፍን ጥቂት ሲቀረኝ፣ ከወገቤ በላይ ዲያቆን ከወገቤ በታች ሯጭ በሚያስመስል አለባበስ፣ ኤዲንብራ የምትባለውን የስኮትላንድ ከተማ ከባሕሯ እስከ ተራራዋ ሮጬ ጨርሻለሁ። ምስክር አለኝ። ምስክሬ ደግሞ እንድሸነፍ አጥብቃ ትፈልግ የነበረችው ልጄ ናት፤ ከዚህ የተሻለ ምስክር ፍርድ ቤትም አያገኝ።

ለንደን ውስጥ ኢትዮጵያዊ ነኝ ያለ ሰው ሁሉ ሯጭ ነው። ማስረዳት ዋጋ የለውም። አውቶቡስ እነዳ በነበረበት ዘመን፣ ወደ ጋራዥ አርፍጄ የገባሁ እንደሆነ አለቃዬ ሰዓቱን እያየ «አንተ እኮ ባቡሩን ትተህ በሩጫ መምጣት ትችል ነበር» ይለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር አገሬ የሩጫ ችሎታ ስታድል እኔ ወረፋው ላይ ተኝቼ ነበር። ልጅ ሳለሁ ውሻ ሲያሳድደኝ እንኳ በውይይት ለመፍታት የምሞክር ሰው ነበርኩ።

ሥራዬ እንዳልኩት ሾፌርነት ነበር። ሰሜን ለንደንን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ስመላለስባት ዕድሜዬን ጨረስኩ። በመስመሬ ላይ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ከፌርማታዎቹ እኩል አውቃቸዋለሁ። እኛ አዲስ አበባ ያደግን የዚያ ዘመን ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ዝም ብለን አናልፍም። ቆም ብለን፣ ባርኔጣ አውልቀን፣ አማትበን፣ ጎንበስ ብለን ተሳልመን ነው የምናልፈው። ሁለት ፎቅ ሙሉ ሰው የጫነ ሾፌር ግን መሪውን ለቅቆ ላማትብ ቢል ሁሉንም ይዞ ሰማይ ይገባል። ስለዚህ በአገጬ መሳለም ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በቀኝ ከመጣ አገጬን ወደ ቀኝ፣ በግራ ከመጣ ወደ ግራ፣ ሦስት ጊዜ ነቅነቅ። አንዲት አሮጊት ተሳፋሪ አንድ ቀን ስትወርድ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ «የእኔንም ባል አንገቱን እንዲህ ያደርገው ነበር፤ ሐኪም ጋ ሂድ» ብላኝ ሄደች።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ተሳልኩ። ከእንግዲህ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳልቆም አላልፍም፣ የአገጭ ሰላምታ ቀርቷል አልኩ። የማን ቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ አልጠይቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሼፈርድስ ቡሽ፣ አንድ ትንሽ የአበሻ ካፌ ውስጥ የማገኛቸው ጓደኞቼ በዚህ ይከሱኛል። «እሱ እኮ የካቶሊክ ነው!» ይላል አንዱ። «ያኛው የጴንጤ!» ይላል ሌላው። እኔ ከላዩ መስቀል ካለ የጉልላት ፓስፖርት ቼክ አላደርግም።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ስለት ነው። የምኖረው አርችዌይ፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ አንዲት መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል ኮረብታው ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን አረንጓዴ ጉልላት ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ቀን የገበያ ዘንቢሌን ይዤ ስወጣ እዚያ ደረስኩ። ዘንቢሉን አስቀመጥኩ፣ ባርኔጣዬን አወለቅኩ፣ ግንባሬን መስታወቱ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ትንሽ ቆየሁ። ለምን እንደቆየሁ አሁን አትጠይቁኝ።

የሦስተኛው ፎቅ ጎረቤቴ፣ ደግ የጃማይካ ሴትዮ ናት፣ በሯን ስትከፍት ያየችው ግን የሚጸልይ ሰው አይደለም። ያየችው መስኮት ላይ የተደፋ፣ ከንፈሩ የሚንቀጠቀጥ፣ ዘንቢሉን የጣለ ሽማግሌ ነው። ጮኸች። ወንበር አመጣች፣ ውኃ አመጣች፣ ጫማዬን ሳይቀር ልታወልቅ ታገለችኝ። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ለልጄ ደወለች።

ልጄ እዚሁ ለንደን ተወልዳ አድጋ፣ ለሥራ ኤዲንብራ የገባች ናት። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ እናቷ ካረፈች ቆይታለች። በማግሥቱ በባቡር ከተፍ አለች።

«አባዬ፣ ኮላፕስ አድርገህ ነበር አሉኝ።»

«ተሳልሜ ነው።»

«ማንን?»

«ጉልላቱን።»

ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ የመጣችበትን ተናገረች። ኤዲንብራ፣ ከእሷ ቤት አጠገብ፣ ለአዛውንት የተሠራ ደረጃ የሌለው ቤት አግኝታልኛለች። «አፕላይ አድርጌልሃለሁ፣ ተቀብለውሃል። የቀረው ያንተ እሺ ማለት ብቻ ነው። አባዬ ፕሊስ፣ አንድ ቀን እዚህ ደረጃ ላይ ሞተህ እንዲነግሩኝ አልፈልግም።»

ክፋት እንደሌላት አውቃለሁ። ግን እኔ ያንን ቤት ለቅቄ የት እገባለሁ? በረንዳዬ ላይ የጤና አዳምና የበሶብላ ማሰሮዎች አሉኝ። እናቷ የተከለቻቸው ናቸው፤ እኔ አላደርቅም ብዬ ብቻ ይዣቸዋለሁ። ከዚያው በረንዳ ላይ ሆኜ ደግሞ የቀድሞ መስመሬን አውቶቡሶች ኮረብታውን ሲወጡ እቆጣጠራለሁ። ማን ፍሬን አበዛ፣ ማን ፌርማታውን አለፈ፣ ሁሉንም አያለሁ። ደመወዝ የሌለው አለቃ ነኝ። ይህን ለልጄ መንገር አሳፈረኝና በምትኩ ሌላ ነገር አፌ ላይ መጣ።

«እኔ ጤነኛ ነኝ። አንቺ የምትሮጪውን እሮጣለሁ።»

ሳቀች። ሳቋ ነው ያጠፋኝ። እሁድ እሁድ ከባሕሩ ተነሥታ፣ ከተማውን አቋርጣ፣ ተራራውን ዞራ ነው የምትሮጠው።

«የእኔን መንገድ አንተ በአውቶቡስም አትጨርሰውም» አለችኝ።

«ብጨርሰውስ?»

«ብትጨርሰው ካንስል አደርገዋለሁ። ሁለተኛ ስለ ቤት አላነሣም። ቀስ ማለት ትችላለህ፤ እንደ ኤሊም ብትሮጥ ግድ የለኝም። ግን ለማረፍ ከቆምክ አለቀ። ትፈርማለህ፣ ትመጣለህ። ዲል?»

«ዲል» አልኩ፣ ጉልበቴን ሳላማክር።

ክረምቱን ሙሉ የአርችዌይን ኮረብታ ስወጣ ስወርድ ከረምኩ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አውቶቡስ አጠገቤ ቆሞ በሩን ከፈተልኝ፤ ሾፌሩ የቀድሞ ባልደረባዬ ነው፣ አውቶቡሱን ልይዝ የምሮጥ መስሎታል። ሼፈርድስ ቡሽም ወሬው ደረሰ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ድምፅ እስከ ዛሬ ተቆጥሮ አላለቀም። የእኔ ሩጫ ሲመጣ ግን ሁለቱም ወገን ቆጠራውን አቁሞ በእኔ ላይ ተባበረ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ስኮትላንድ የምትሄደው ልትሮጥ ነው ወይስ ልትቀበር?» አለኝ ከስቶክዌል ድረስ ለክርክር ብቻ የሚመጣው ጓደኛዬ።

«ሁለቱንም በአንድ ትኬት።»

የካፌዋ ባለቤት ሳህን እያነሣች፣ «ጋሼ፣ አይስሟቸው። እነሱ እኮ ከዚህ ወንበር ተነሥተው ሽንት ቤት ሲሄዱ እንኳ መንገድ ላይ የሚያርፉ ናቸው» አለች። በዚህ ምርቃት ተሳፈርኩ።

ሊት ማለት የኤዲንብራ ወደብ ነው። በማለዳ ደረስን፤ ባሕሩ የብር ሳህን መስሏል፣ የባሕር ወፎቹ እንደ መርካቶ ወያላ ይጮኻሉ። ልጄ ልክ እንደ ሯጭ ለብሳለች። እኔ ከሩጫ ሱሪዬ በላይ የሥራ ሹራቤን፣ የሱፍ ባርኔጣዬን አድርጌ ነጠላዬን ደረቴ ላይ አጣፍቻለሁ።

«አባዬ፣ ነጠላው ለምንድነው?»

«ታያለሽ» አልኳት።

ተነሣን። ደስ የሚል መንገድ ነው፤ ከወደቡ ወደ ከተማው ቀጥ ብሎ፣ ሳይታወቅ ከፍ እያለ የሚሄድ። መጀመሪያ ላይ ነፋሱ ከኋላዬ ሆነና ታዋቂ ሰው የሆንኩ መስሎ ተሰማኝ። አንድ ወተት የሚያወርድ ሰው እጁን አነሣልኝ፤ እኔም እንደ ንጉሥ መለስኩለት። ከዚያ ትንፋሼ ማጠር ጀመረ። ልክ በዚያች ቅጽበት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ባለ ረጅም ጫፍ ቤተ ክርስቲያን በግራ በኩል ብቅ አለ።

ቆምኩ። ባርኔጣዬን አወለቅኩ፣ ነጠላዬን ዘረጋሁ፣ አማተብኩ፣ ሦስት ጊዜ ጎንበስ አልኩ፣ የብረት አጥሩን ሳምኩ።

«አባዬ! ቆምክ!»

«ተሳለምኩ።»

«ዲሉ እኮ...»

«ዲሉ ‹ለማረፍ ከቆምክ› ነው የሚለው። እኔ አላረፍኩም፣ ስለት አለብኝ። የኔ ልጅ፣ አስቢው።»

አፏን ከፍታ ቀረች። ቀጥላ በሳቅ ፈረሰች። «ዩ አር ሶ ባድ» አለችኝ፤ ይህ በእሷ ቋንቋ ምስጋና ነው።

ስኮትላንዳውያን የተባረኩ ሕዝቦች ናቸው። አገራቸው ኮረብታ በኮረብታ ቢሆንም፣ በየዳገቱ አጋማሽ ላይ ቤተ ክርስቲያን ማቆም አልረሱም። ሁለተኛውን ተሳለምኩ። ሦስተኛውን ተሳለምኩ። ልቤ ረጋ፣ ጉልበቴ ቀለለ፣ እንዲህ ያለ መንፈሳዊ ጉዞ በዕድሜዬ አላየሁም።

«አባዬ፣ ይሄኛው ረዘመ» አለችኝ ልጄ ሰዓቷን እያየች።

«ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጸሎቱም እንደዚያው።»

ዋናው ጎዳና ላይ ወጣን። በቀኝ ሱቆች፣ በግራ አረንጓዴ ሸለቆ፣ ከሸለቆው ማዶ ጥቁር አለት ላይ የተቀመጠው ግንብ። ግንቡን እያየሁ ስሮጥ ፊት ለፊቴ አንድ አስደናቂ ነገር ተነሣ። በጭስ የጠቆረ፣ ቅስት በቅስት የተደራረበ፣ ሰማይ የሚነካ ጫፍ ነው። ካየኋቸው ሁሉ የበለጠ። ቆምኩ፤ ለዚህስ አለመቆም ኃጢአት ነው። ባርኔጣ፣ ነጠላ፣ ማማተብ፣ ሦስት ስግደት። ድንጋዩንም ሳምኩ። ቀና ስል በቅስቱ ሥር አንድ የነጭ እብነ በረድ ሰው ተቀምጦ፣ አጠገቡ ውሻ ተኝቶ አየሁ። ጻድቅ ከአንበሳ ጋር አውቃለሁ፤ ከውሻ ጋር አይቼ አላውቅም። የአገሩ ልማድ ይሆናል ብዬ ለውሻውም አንገቴን ሰበር አደረግኩ።

ልጄ እጇን አጣምራ ቆመች። እስክጨርስ ጠበቀች።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«የዚህ አገር ጻድቅ ነዋ።»

«ደራሲ ነው።»

«ምን?»

«የልብ ወለድ ደራሲ። ይሄ ቸርች አይደለም፣ ሐውልቱ ነው። አባዬ፣ አንተ አሁን ለልብ ወለድ ደራሲ ሰገድክ።»

ቀና ብዬ ጫፉን አየሁት። መስቀል የለውም። ጉልላት ቼክ ባለማድረግ የኖርኩበት ዘመን በአንድ ጠዋት ተበቀለኝ።

«እና» አለች፣ አሁን ሳቋን ትታ፣ «ቸርች ካልሆነ፣ ለምን ቆምክ?»

ባርኔጣዬን መልሼ ደፋሁ። በረንዳዬ መጣብኝ፤ የደረቁ ማሰሮዎች፣ ኮረብታውን የሚወጡ አውቶቡሶች፣ የሚያያቸው የለም። ልጄ ልትል የምትችለውን አውቄዋለሁ። አለቀ ብትል እውነቷን ነው።

እሷ ግን ነጠላዬን አስተካከለችልኝ። ከዚያ፣ «እሺ፣ አንድ ዕድል። ከዚህ በኋላ ቸርች ይሁን፣ ደራሲ ይሁን፣ የትም አትቆምም። እንደ ድሮው በአገጭህ» አለችኝ።

«የአገጩን ነገር ማን ነገረሽ?»

«ከኋላህ ወንበር ላይ ተቀምጬ እኮ ነው ያደግኩት» አለች። «እኔም አብሬህ እነቀንቅ ነበር።»

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ሥራ ስትገባ አውቶቡሱ ላይ ይዣት እወጣ ነበር። በመስታወቱ አያት ነበር እንጂ ምን እንደምታደርግ ልብ አላልኩም። ስለቴን ለምን እንደማፈርስ በዚያው ለጌታ አስረዳሁ። የአውቶቡስ ሥራን ጠባይ እሱ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ እውነተኛው ሩጫ ነው። ጎዳናው መጨረሻ ላይ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁኝ፤ በችግሬ ጊዜ የት ነበራችሁ? ግራ በአገጭ፣ አለፍኩ። ከግንቡ አለት ሥር ዞረን አንድ ሰፊ አደባባይ ገባን። «ድሮ ሰው የሚሰቀልበት ቦታ ነው» አለችኝ። ለስሜቴ የሚስማማ ሰፈር ነው አልኩ። ከዚያ እንደ ቀንድ የተጠማዘዘ የድንጋይ ዳገት፣ ባለ ቀለም ሱቆች ሽቅብ የተደረደሩበት። ጉልበቴ እንደ ተሳፋሪ ደወሉን መጫን ጀመረ። ቆም በል፣ መውረጃዬ ነው ይላል። ሾፌሩ እኔ ነኝ፤ ይህ መኪና እዚህ አይቆምም አልኩት።

ግንቡ በር ላይ ደርሰን ዞርን። ከግንቡ በታች ከሁሉም የሚረዝም ጫፍ ያለው ቤተ ክርስቲያን አየሁና አገጬን ሳነሣ፣ «አባዬ፣ እሱ አሁን ካፌ ነው!» ብላ ጮኸች። አገጬን አየር ላይ መለስኩት።

ቁልቁለቱ መጣ! ከግንቡ ከታች እስካለው ቤተ መንግሥት አንድ ረጅም የድንጋይ መንገድ ነው፤ ነገሥታቱ በፈረስ የወረዱበት። እኔ በነጠላ ወረድኩበት። ዘውድ የመሰለ ጉልላት ያለውን ትልቁን ቤተ ክርስቲያን በአገጭ፣ ቱሪስቱን በክርን፣ ባለ ከረጢት ዋሽንት ነፊውን በፈገግታ አለፍኩ። ልጄ አጠገቤ ናት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ነው የምንሮጠው።

ቤተ መንግሥቱን አልፈን ተራራው ዙሪያ ገባን። እዚህ መቀለድ አቆምኩ። ዳገቱ አያልቅም። ደወሉ አሁን ከጉልበት ብቻ ሳይሆን ከዳሌም፣ ከጀርባም፣ ስማቸውን ከማላውቃቸው ቦታዎችም ይደወላል። ሁሉም ተሳፋሪ ይወርዳል ይላል። እኔ ዓይኔን የልጄ ተረከዝ ላይ ተክዬ፣ እንደ ጭነት መኪና እያቃሰትኩ ቀጠልኩ።

ከላይ አንዲት ትንሽ ኩሬ አጠገብ መንገዱ ሜዳ ሆነ። ባሕሩ፣ ወደቡ፣ ያለፍንበት ከተማ ሁሉ ከእግራችን በታች ተዘረጋ። ያን ጊዜ ልጄ ድንገት ጎኗን ይዛ ጎንበስ አለች።

«ወጋኝ። አባዬ፣ አንድ ደቂቃ ቁምልኝ።»

ልቤ ቁምላት አለኝ። እግሬም እንዲያውም ከልቤ ቀድሞ ተስማምቶ ነበር። ግን ብቆም ቤቴ ሄደ፤ ትቻት ብሄድ ደግሞ ምን ዓይነት አባት ነኝ? ስለዚህ ዞርኳት። ዙሪያዋን በሩጫ፣ ነጠላዬ እየተርገበገበ፣ እንደ ዑደት። አንዴ ዞርኳት፣ ሁለቴ ዞርኳት።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለች ጎንበስ እንዳለች።

«እየጠበቅኩሽ።»

በሦስተኛው ዙር ውጋቷን ረስታ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እውነት ወግቷት ይሁን ልትፈትነኝ፣ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳት። እጄን ዘርግቼ ዙሬን ሳላቋርጥ አነሣኋት።

ቁልቁለቱን እጅ ለእጅ ተያይዘን ወረድን ማለት እችላለሁ። ከዳገቱ ላይ የፈረሰች ትንሽ የጸሎት ቤት ግድግዳ ቀርታለች፤ በአገጭ። የእኔ አገጭ ብቻ አይደለም፣ የእሷም ሲነቃነቅ አየሁት። ከታች፣ ከቤተ መንግሥቱ አጥር ጀርባ፣ ጣሪያ የሌለው ጥንታዊ ገዳም ይታያል። መስኮቶቹ ባዶ ሰማይ ተሸክመዋል። የሩጫው መጨረሻ እዚያ ነው።

ቆምኩ። ጣሪያው የለም፣ መስቀሉን አላየሁም፣ ቼክም አላደረግኩም። ባርኔጣዬን አውልቄ ሦስት ጊዜ ሰገድኩ። አንዱ ለስለቴ ነው፣ ሁለተኛው ለእናቷ፣ ሦስተኛው ሳር ላይ ለመውደቅ ይመች ስለነበር። ወደቅኩ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች፣ ጥቂት ነካካችና ወደ ዓይኔ አስጠጋችው።

«ካንስል። ደስ አለህ?»

«መነጽሬን አልያዝኩም፤ አንብቢልኝ» አልኳት። ሁለት ጊዜ አስነበብኳት።

አርችዌይ ስመለስ ዘንቢሌን ሞልቼ ነበር። አንደኛው ፎቅ፣ ሁለተኛው ፎቅ፣ እንደ ድል አድራጊ ወጣሁ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ መስኮቷ ጋ ደረስኩ። ጉልላቱ አመሻሽ ፀሐይ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። ዘንቢሉን አስቀመጥኩ፣ ባርኔጣዬን አወለቅኩ፣ ግንባሬን መስታወቱ ላይ አደረግኩ። ትንሽ ቆየሁ።

በር ሲከፈት ሰማሁ። ጎረቤቴ ናት።

«እየጸለይክ ነው ወይስ እየሞትክ?»

«እየጸለይኩ።»

«ጥሩ። ስትጨርስ ዘንቢሉን እኔ አወጣልሃለሁ።»

ሰጠኋት። ዲሉ ላይ ስለ ዘንቢል የተባለ ነገር የለም።